ሁለቱ ተመራቂዎች

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ አንዲት አጭር ጥያቄ ናት። ጥያቄዋ የተሰነዘረችው በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ወይም በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የውይይት መድረክ አይደለም፤ በነፋስ መውጫ፣ ለአንድ ዘመዴ ተዝካር በተጣለ ዳስ ውስጥ ነው።

ነፋስ መውጫን ለማታውቁ ባጭሩ ላስተዋውቃችሁ። በደቡብ ጎንደር የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከወረታ ተነሥቶ፣ ደብረ ታቦርን አልፎ፣ የጉናን ተራራ ታክኮ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው፣ ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩት መንገድ መሐል ለመሐል ያቋርጣታል። ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለተቀመጠች፣ ስሟን ያወጣላት ሰው ብዙ መጨነቅ አላስፈለገውም። አገሩ የገብስ፣ የባቄላና የድንች አገር ነው። ሰማዩ ሲቀና ያጠግባል፤ በረዶ ሲመታው ወይም ዝናቡ ሲያጥር ደግሞ ያስርባል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ካቀፋቸው ወረዳዎች አንዱ ላይ ጋይንት መሆኑም ለዚህ ነው።

በዚያ ዳስ ውስጥ ከገጠር የመጡ አንድ አጎቴ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ጠላው እየተቀዳ፣ ጨዋታው እየሞቀ ሳለ ድንገት ወደ እኔ ዞሩና፣ «ልጄ፣ ያን ሁሉ ዘመን የተማርኸው ምን ላይ ዋለ?» አሉኝ።

«ቢሮ ነው የምሠራው፣ አባባ» አልኋቸው።

«ቢሮውንማ ሰማሁ። እኔ የጠየቅሁህ ትምህርቱን ነው።»

የምመልሰው አጣሁ። ዝምታዬን አይተው ሊያስጥሉኝ ፈለጉ መሰለኝ፣ ፈገግ ብለው፣ «ግድ የለም፣ እኔም ተመርቄያለሁ። የእኔም ምርቃት ምን ላይ እንደዋለ አላውቅም» አሉ። ዳሱ በሳቅ ሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ነገሩን ለማታውቁ ላስረዳ። በሴፍቲኔት የታቀፈ ገበሬ እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ፣ በለውጡ ስንዴ ወይም ገንዘብ ይቀበላል። ጥሪት አፍርቷል፣ ከእንግዲህ ራሱን ይችላል ተብሎ ሲታመን ስሙ ከመዝገብ ይወጣል። ይህ መውጣት በመንግሥት ቋንቋ «ምርቃት» ይባላል። ገበሬውም «ተመራቂ» ነው። ራሳቸውን ሳይችሉ ያለጊዜያቸው እንዲመረቁ የተደረጉ አባወራዎች መኖራቸውን የፕሮግራሙ ገምጋሚዎች ሳይቀሩ ጽፈዋል። እንግዲህ በአገራችን ሁለት ዓይነት ተመራቂዎች አሉ ማለት ነው። አንደኛው ጥቁር ካባ ለብሶ አበባ ይዞ ፎቶግራፍ የሚነሣው ነው። ሁለተኛው ጋቢውን ተከናንቦ ባዶ ጎተራው አጠገብ የሚቀመጠው ነው። ሁለቱም በቁጥር ተቆጥረዋል፤ ሁለቱም ለሪፖርት በቅተዋል። ምርቃታቸው ምን ላይ እንደዋለ ግን የጠየቀ የለም።

የተለመዱት ሁለት መልሶች

የተማረው ሰው በተማረበት አይሠራም የሚለው ሮሮ በተነሣ ቁጥር ሁለት መልሶች ይሰጣሉ። የመጀመሪያው የመንግሥት መልስ ነው፤ ሥራ አትናቁ፣ ሥራ ፈጣሪ ሁኑ፣ የመንግሥትን ደጅ አትጥኑ ይላል። ሁለተኛው ከከተማው ምሁር አፍ የሚወጣ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በዛ፣ ሁሉም ዲግሪ ካልያዝሁ ይላል፣ የገበሬው ልጅ ሙያ ተምሮ በዚያው በአገሩ ይሥራ ይላል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። የመጀመሪያው ከተጠያቂነት መሸሻ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ባለቤቱ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ በሩን አልፎ የገባ ሰው በሩን ከኋላው ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ ነው።

የእኔ ክርክር እንዲህ ነው። በአገራችን ዲግሪ በብዛት የሚባክነው ኮብልስቶን በሚጠረብበት ሜዳ አይደለም፤ ወንበርና ማኅተም ባለበት ቢሮ ነው። ድንጋይ የሚጠርበው ምሩቅ ዕውቀቱን የሚጠይቀው ሰው አላገኘም። ቢሮ የገባው ግን ዕውቀቱን እንዳይጠቀምበት ደመወዝ ይከፈለዋል። የመጀመሪያው ችግር ነው፤ ሁለተኛው በደል ነው።

ወረቀቱ እንዴት እንጀራ ሆነ?

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ተማሪው በጣት የሚቆጠር፣ መንግሥትም የሰው ያለህ የሚልበት ጊዜ ነበር። ኮሌጅ የጨረሰ ሁሉ ወንበር ይጠብቀው ነበር። በደርግ ዘመንም ተመራቂው በመንግሥት ምደባ ወደ ሥራው ይላክ እንጂ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ አይውልም ነበር። በዚህ አኳኋን ዲግሪና የመንግሥት ደመወዝ ተጋብተው ኖሩ። ልጁን ለማስተማር በሬውን የሸጠው የጋይንት፣ የስማዳ ወይም የእስቴ ገበሬ ስሌቱ ትክክል ነበር። ልጁን የላከው ከዕርፍና ከድግር እንዲያወጣው እንጂ ፍልስፍና እንዲያስተምርለት አልነበረም። «የተማረ ይግደለኝ» የሚለውም አነጋገር ተራ አድናቆት አይደለም፤ ሕዝቡ ለተማረው ሰው የሰጠው ያልተገደበ ውክልና ነው።

በ1964 ዓ.ም. አካባቢ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የትምህርቱን ዘርፍ አስጠንቶ ነበር፤ በተለምዶ «ሴክተር ሪቪው» የሚባለው ነው። ጥናቱ ተምረው ሥራ ያጡ ወጣቶች እየበዙ መምጣታቸውን አይቶ፣ ለብዙኃኑ ሕፃናት የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ሰጥቶ ወደ ኑሯቸው መመለስ ይበቃል የሚል አቅጣጫ አቀረበ። ከላይ ሲታይ ብልኅነት ነበር። መምህራኑ፣ ተማሪዎቹና ወላጆቹ ግን ሌላ ነገር አነበቡበት፤ የድኻው ልጅ በአራተኛ ክፍል ይቁም፣ የባለሥልጣኑ ልጅ ይቀጥል ማለት ነው አሉ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከቅሬታዎቻቸው አንዱ ይህ ነበር፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማንሣት ተገደደ። ዛሬ «ዩኒቨርሲቲው በዛ» የሚሉ ወገኖች ይህን ታሪክ ደጋግመው እንዲያነቡት እመክራለሁ።

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። እንግሊዛዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ሮናልድ ዶር እ.ኤ.አ. በ1976 «የዲፕሎማ በሽታ» የሚል መጽሐፍ ጽፎ፣ የእንግሊዝን፣ የጃፓንን፣ የስሪ ላንካንና የኬንያን ተሞክሮ አነጻጽሮ ነበር። ዋና ነጥቡ አገር ዘግይታ ባደገች ቁጥር ወረቀቱ ከዕውቀቱ ይበልጥ ይከብራል የሚል ነው። ቀጣሪው ሰውን በችሎታው መለየት ሲያቅተው ወረቀት ይጠይቃል። ወረቀት ያለው ሲበዛ ደግሞ ከፍ ያለ ወረቀት ይጠይቃል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ይሠራው ለነበረው ሥራ ዲፕሎማ፣ ዲፕሎማ ላለው ሥራ ዲግሪ፣ ለዲግሪው ሁለተኛ ዲግሪ ይጠየቃል። ሥራው ግን ያው ነው። እኛም አገር ስንት ባለሙያ ነው ማታ ማታና በርቀት ተምሮ ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ፣ በማግሥቱ ወደዚያው ጠረጴዛ ተመልሶ ያንኑ ደብዳቤ የሚጽፈው? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ አበው። እኛ ሁለቱንም አንድ ላይ አገኘን።

ከዩኒቨርሲቲው ወደ ድንጋዩ

በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ በአሁኗ ኢትዮጵያ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት፣ የአዲስ አበባና የዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ለጋይንት ልጅ ቅርብ የሆነው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ይህን መስፋፋት በክፉ አላነሣውም፤ የገበሬ ልጅ በአቅራቢያው ዩኒቨርሲቲ ማግኘቱ ለዘመናት የተነፈገውን ማግኘቱ ነው። ስሕተቱ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። በ2001 ዓ.ም. ከመቶው ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር ተብሎ ሲወሰን፣ የሚወጣው መሐንዲስ የሚሠራበት ፋብሪካ በዚያው ልክ ይኑር ብሎ የወሰነ አልነበረም። ተማሪው በኮታ ገባ፣ በኮታ ወጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዲግሪ የያዙ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ኮብልስቶን ሲያነጥፉ በቴሌቪዥን ታዩ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሐኪሞች ሳይቀሩ፣ ሕዝቡ ሐኪም አጥቶ ሳለ፣ ተመርቀው ሥራ አጥ ሆነዋል።

ድንጋይ መጥረብ ነውር አይደለም። ላሊበላን ያህል ነገር የሠሩት ድንጋይ ጠራቢዎች ናቸው። ነውሩ ያለው አራት ዓመት ሙሉ የአገር ሀብት ፈስሶበት የተማረን ሰው በሁለት ሳምንት ሥልጠና ሊሠራ በሚችል ሥራ ላይ አሰማርቶ «አስተሳሰብ ቀየርን» ብሎ ማጨብጨቡ ላይ ነው። ይህን ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ ብዙ ተጽፎበታል። እኔ ያልተጻፈበት ላይ ልቁም።

«አንተ የተማርኸው ቁጥር አይደል?»

እኔ የተማርሁት ስታቲስቲክስ ነው። በ1998 ዓ.ም. ተመርቄ በአንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት ተቀጠርሁ፤ የትኛው እንደሆነ መጥቀስ አያስፈልግም፣ ታሪኩ የአንድ ወረዳ ታሪክ አይደለምና። በወረቀት ላይ ከእኔ የተሻለ «በተማረበት የሚሠራ» ሰው አልነበረም። የቅጥር ማስታወቂያው የጠየቀው የእኔን ትምህርት፣ የሥራ መደቡ መጠሪያም የእኔን ሙያ ነበር።

አንድ ዓመት መኸሩ ሲደርስ የገብስ ምርት ግምት እንድሠራ ታዘዝሁ፤ ደስ አለኝ። ሥራው እንዲህ ነው። ማሳዎች በዕጣ ይመረጣሉ። በየማሳው ላይ አራት ሜትር በአራት ሜትር ቦታ ተለክቶ በገመድ ይከለላል፤ በውስጡ ያለው ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ይደርቃል፣ ይመዘናል። በዕጣ የሚመረጠው ሰውዬው ለዓይን የሞላለትን ማሳ ብቻ እየመረጠ እንዳይመዝን ነው። ከገበሬዎቹ ጋር ስወጣ ስወርድ ሰነበትሁ። በዚያ ዓመት በረዶ ማሳውን መትቶት ነበርና ከ16 ካሬ ሜትር የተገኘው በአማካይ 1.9 ኪሎ ግራም ሆነ። ወደ ሄክታር ሲመለስ 12 ኩንታል ገደማ ነው። ከበላይ የወረደው ዕቅድ ግን 22 ኩንታል ይላል።

ኃላፊው ሪፖርቱን አየና ወደ እኔ ገፋው። «ይህ ቁጥር ወደ ላይ አይሄድም።»

«ማሳው የሰጠው ይህንን ነው» አልሁት።

«ዕቅዳችን 22 ነው። 12 ካልን አልሠራንም ማለት ነው።»

«በረዶ የመታው ማሳ እኮ ነው!»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ክፋት አልነበረበትም፣ ድካም ግን ነበረበት። «አንተ የተማርኸው ቁጥር አይደል? አስተካክለዋ!» አለኝ።

በዚያ መሥሪያ ቤት በቆየሁባቸው ዓመታት ትምህርቴ በግልጽ የተጠቀሰልኝ በዚያች ቀን ብቻ ነው። የተጠቀሰውም እንድሽረው ነበር። አስተካከልሁት። 21.6 አልሁ፤ 22 ብል ሐሰትነቱ ይጋለጣል ብዬ በነጥብ አሳመርሁት። እነሆ የአራት ዓመት ትምህርቴ ፍሬ! ያልተማረ ሰው እንዲህ አድርጎ መዋሸት አይችልም። ፈረምሁ፤ ማኅተሙ ተመታ። በተከታዩ ዓመት ትርፍ አምራች ነው በተባለ ቀበሌ ስንት አባወራ ከእህል ዕርዳታ መዝገብ እንደተሰረዘ አላውቅም። ስማቸውን አላውቅም፤ ፊርማዬን ግን አውቀዋለሁ።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። እኔ በተማርሁበት ሠርቻለሁ ወይስ አልሠራሁም? ስለ ምሩቃን የሚሰበሰብ መረጃ ሁሉ «አዎን፣ በሙያው ተቀጥሯል» ብሎ ይመዘግበኛል። ድንጋይ ጠራቢው ጓደኛዬ ደግሞ «ከሙያው ውጭ» ተብሎ ይመዘገባል። እሱ ግን በዲግሪው ማንንም አልጎዳም።

የእኔ ዕጣ የብዙዎች ነው። የግብርና ልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ተመልከቱ። በየቀበሌው አንዱ በሰብል፣ አንዱ በእንስሳት፣ አንዱ በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ ሦስት ባለሙያዎች እንዲኖሩ የታቀደው ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ ሐሳቡ ግሩም ነበር። ነገር ግን ያ ባለሙያ ቀኑን በምን ያሳልፈዋል? የማዳበሪያ ዕዳ ይሰበስባል፣ የሴፍቲኔት ስም ይመዘግባል፣ ገበሬውን ለስብሰባ ይጠራል፣ የሥራ ዘመቻ ይቆጥራል። ገበሬውም ሲያየው «ዕዳ ሊጠይቀኝ መጣ» እንጂ «ስለ ገብሴ ዋግ ልጠይቀው» አይልም። ማዳበሪያው ለዚህ አፈር አይስማማም ብሎ የሚያምን ባለሙያ እንኳ የተላከለትን ኮታ ማከፋፈል ግዴታው ነው። የአፈር ትምህርቱን ያየ የለም፤ የታየለት ከኮታው ምን ያህሉን እንዳራገፈ ነው። መምህሩም እንዲሁ ነው፤ ያላስተማረው ተማሪ እንዲያልፍ ይጠየቃል፣ ያልተማረበትን ትምህርት እንዲያስተምር ይመደባል።

ዲግሪ የሠራበት ጊዜም ነበር

«ይህ የድኻ አገር ጠባይ ነው፣ ሌላ ምን ይጠበቃል?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። አይደለም። ከዛሬይቱ ይበልጥ ድኻ በነበረችው ኢትዮጵያ ውስጥ ዲግሪና ዲፕሎማ የሠሩባቸው ጊዜያት ነበሩ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን አሠልጥኖ፣ በቡድን ሆነው በየአውራጃው ጤና ጣቢያ እንዲሠሩ ያወጣ ነበር። የጤና መኮንኑ ሐኪም በሌለበት አገር ውሳኔው የራሱ ነበር፤ የበሽተኛውን ቁጥር በዕቅድ ልክ እንዲያደርግ የሚያዝዘው አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ፣ በአብዛኛው በመምህርነት፣ ሳያገለግል ዲግሪ አያገኝም የሚል ሕግ ነበር። ብዙ የገጠር ከተማ ልጅ የመጀመሪያውን የሒሳብ ወይም የእንግሊዝኛ መምህሩን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። በሁለቱም ዘንድ የምናየው አንድ ነገር ነው፤ ሥራው የተማሩትን ይጠይቅ ነበር፣ ባለሙያውም በሥራው ላይ ቃል ነበረው።

«በተማሩበት መሥራት» ሲባልም የግድ የትምህርቱ ስምና የሥራው ስም ይግጠም ማለት አይደለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በጀርመን አገር የተማሩት ሕክምና ነበር፤ የሠሩት ግን በጉምሩክና በመንግሥት አስተዳደር ነው። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ዛሬም የሚጠቀስ የኢኮኖሚ መጽሐፍ ነው። ሐኪሙ በሽተኛን እንደሚመረምር አገራቸውን መረመሩ። እኝህ ሰው ዲግሪያቸውን አባከኑ የሚል ይኖራል? በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳው ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ያሳዝነናል፣ ይገባልም። እሱ ግን ቢያንስ መንዳት በሚጠይቀው ልክ ይነዳል፤ የመንገዱን ርቀት አሳስተህ ጻፍ የሚለው የለም። ከእሱ ይልቅ ሊያሳዝነን የሚገባው የአገር ቤቱ መሐንዲስ ነው፤ ድልድዩ እንደማይቆም እያወቀ የርክክብ ሰነዱ ላይ እንዲፈርም የሚታዘዘው።

ለሚነሡት መከራከሪያዎች

አንዳንዶች ችግሩ ያለው በትምህርቱ ጥራት ነው ይላሉ። እውነት አለው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የተሰጠውን የመውጫ ፈተና ካለፉት ተመራቂዎች መጠን ደግሞ ያው 40 ከመቶ ገደማ ነበር። ፈተናውን አልቃወምም፤ ዕውቀት የሌለበትን ወረቀት ለይቶ ማስቀረቱ መልካም ነው። ነገር ግን የመውጫ ፈተና የሚመዝነው ተመራቂውን ነው። የሚቀበለውን ቢሮ ማን ይመዝነው? ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት ያለፈ የስታቲስቲክስ ምሩቅ ነገ «አስተካክለዋ» ቢባል፣ በጥራት መማሩ ሐሰቱን ከማሳመር በቀር ምን ይረባል?

ሌሎች ደግሞ ትምህርት ለእንጀራ ብቻ አይደለም፣ ሰውን ሰው ለማድረግ ነው ይላሉ። ይህ ከሁሉ የከበደው መከራከሪያ ነው፤ እኔም በከፊል አምንበታለሁ። ዳሩ ግን ሰው ያደረገውን ትምህርት በየቀኑ ከስምንት ሰዓት በላይ እንዲክድ የተገደደ ሰው፣ ሰውነቱ እስከ መቼ ይዘልቃል?

በመጨረሻም፣ በዚህ ጊዜ ይህን ማንሣት ቅንጦት ነው የሚሉኝ አሉ። ነፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ለዘጠኝ ቀናት በትግራይ ኃይሎች እጅ ገብታ ሆስፒታሏ ሳይቀር ተዘርፏል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ መምህራን ተገድለዋል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ስለ ዲግሪ ምን ታወራለህ? ይሉኛል። እኔ ግን እላለሁ፦ ትምህርት ቤቱ ነገ ሲከፈት ለወላጁ ምን ብለን ልጅህን ላክ ልንለው ነው? አሥራ ስድስት ዓመት አስተምረው፣ ከዚያ ወይ ሥራ ያጣል ወይ ያወቀውን እንዳያውቅ ይቀጠራል ልንለው ነው? ለወላጁ ከጠመንጃው ድምፅ ባልተናነሰ ተስፋ የሚያስቆርጠው የዚህ ጥያቄ መልስ መጥፋቱ ነው።

ምን ይደረግ?

ሮሮ ብቻ አሰምቼ አልሰናበትም። ሦስት ነገሮች እጠይቃለሁ፤ አንዳቸውም አዲስ ሕንፃ አያስፈልጋቸውም።

አንደኛ፣ ዲግሪ የሚጠይቅ የሥራ ማስታወቂያ ሁሉ ዲግሪው በሥራው ላይ ለምን እንደሚያስፈልግ ይናገር። መናገር ካልቻለ ዲግሪ አይጠይቅ። ደብዳቤ ለመመዝገብ ጥሩ አንባቢና ጻፊ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ የባለሙያ ፊርማ የባለሙያው ይሁን። ኃላፊ የባለሙያን ግኝት አልቀበልም የማለት ሥልጣን ይኑረው፤ ይህን ግን በራሱ ስም፣ በራሱ ፊርማ ያድርገው። ባለሙያው የለካው 12 ከሆነ መዝገቡ 12 ይበል፤ 22 ማለት የፈለገ ከሥሩ ስሙን ይጻፍ። ይህች ትንሽ ደንብ ብቻ ብትከበር ስንቱ ውሸት ባለቤት አጥቶ በቀረ ነበር!

ሦስተኛ፣ የደረጃ ዕድገት ከተጨማሪ ወረቀት ይላቀቅ። ሰው ማሳ ላይ በሠራው፣ ክፍል ውስጥ ባስተማረው፣ በጠገነውና ባዳነው ይደግ።

እኔ ራሴን ነጻ አላወጣም። ያን ጊዜ እምቢ ብል ምን ይመጣብኝ ነበር? ምናልባት ዝውውር፣ ምናልባት ግምገማ፣ ምናልባት ከሥራ መባረር። ወጣት ነበርሁ፣ ቤተሰብ ከደመወዜ ይጠብቅ ነበር። ይህ ምክንያት ነው፤ ይቅርታ ግን አይሆንም። ሕዝቡ «የተማረ ይግደለኝ» ያለው አምኖን ነው። እኛም በነጥብ ያሳመርነውን ቁጥር ይዘን ቃሉን ቃል በቃል ወሰድነው።

አጎቴ ሆይ፣ በዚያ ዳስ ውስጥ ላልመለስሁልዎ ጥያቄ መልሱ ይኸውልዎ። ያን ሁሉ ዘመን የተማርሁት ምን ላይ እንደዋለ ጠይቀውኝ ነበር። እርስዎን የመሰለ ሰው ለማስመረቅ ዋለ።

ቸር ይግጠመን።